ላይብረሪ ማፈላለግ የተጠቃሚው ሥራ ነው እንዴ?

በትምህርት ክፍላችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ሠርቶ ለአንድ መሥሪያ ቤት ማስረከብ የተለመደ ነው። ታዲያ ከሶፍትዌሩ ጋር በሚሰጠው መመሪያ ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ መስመር አለ፤ «ፕሮግራሙን ከመክፈትዎ በፊት ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ የሚለውን ቫሪያብል እንዲህ ብለው ይሙሉ» ይላል። በእኔ አስተያየት ይህ መስመር ሥራው እንዳላለቀ የሚያሳይ ምልክት ነው። ምክንያቴን ላስረዳ።

እንደሚታወቀው በሊኑክስ ላይ ብዙ ፕሮግራሞች የሚያስፈልጋቸውን ኮድ ሁሉ በሆዳቸው ይዘው አይዞሩም፤ የጋራ ላይብረሪዎችን ይጠቀማሉ። ፕሮግራሙ ሲነሳ ዳይናሚክ ሊንከር የተባለው አገናኝ ላይብረሪዎቹን ፈልጎ ያመጣል። ፍለጋው ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈውን አርፓዝ የሚባል አድራሻ ያያል፤ ቀጥሎ የተጠቃሚውን ቫሪያብል፣ ከዚያ ራንፓዝ የሚባለውን፣ ከዚያም ኤልዲኮንፊግ ያዘጋጀውን መዝገብ፣ በመጨረሻ የሲስተሙን መደበኛ ማውጫዎች። ራንፓዝ ካለ አርፓዝን አያየውም።

ቫሪያብሉን መሙላት ምን ችግር አለው? አንደኛ፣ ከዚያው ተርሚናል የሚነሱ ሌሎች ፕሮግራሞችንም ይነካል። ለእኛ ብለን ያመጣነው የላይብረሪ ቅጂ የሌላውን ፕሮግራም ሊያበላሽ ይችላል። ሁለተኛ፣ ብዙዎቻችን አዲሱን አድራሻ ጽፈን፣ ሁለት ነጥብ አድርገን፣ አሮጌውን እንቀጥላለን። አሮጌው ባዶ ከሆነ ከሁለት ነጥቡ በኋላ የሚቀረው ባዶ ቦታ «አሁን ያለሁበት ማውጫ» ተብሎ ይተረጎማል። ይህ ማለት ያ ማውጫ የማንም ይሁን የማን፣ ውስጡ የተገኘ ተመሳሳይ ስም ያለው ላይብረሪ ሊጫን ይችላል ማለት ነው።

«እንግዲያው አድራሻውን ፕሮግራሙ ውስጥ እንጻፈውና እንገላገል» የሚል ይኖራል። ጥሩ፣ ግን የማንን ኮምፒውተር አድራሻ? በ2006 እ.ኤ.አ. በዴቢያን የሰብቨርሽን ፓኬጅ፣ ቁጥር 1.3.0-4፣ ሁለት የአፓቼ ሞጁሎች በቲኤምፒ ማውጫ ሥር ያለ አርፓዝ ይዘው ወጥተው ነበር። ቲኤምፒ ደግሞ ማንኛውም ተጠቃሚ ፋይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። በዚያ ማሽን ላይ አካውንት ያለው ሰው ተንኮለኛ ላይብረሪ እዚያ ቢያስቀምጥ ያልተሰጠውን ሥልጣን ሊያገኝ ይችል ነበር። ጉዳዩ ሲቪኢ-2006-1564 ተብሎ ተመዝግቧል። ልምድ ያላቸው ሰዎች እንኳ እንዲህ ካመለጣቸው እኛማ እንዴት አንጠንቀቅ?

ይህን ስል አርፓዝ ራሱ ጥፋተኛ ነው ማለቴ አይደለም። ኒክስ የተባለው የፓኬጅ ማስተዳደሪያ እያንዳንዱን ፓኬጅ በየራሱ ማውጫ ስለሚያስቀምጥ አድራሻውን ሆነ ብሎ ፕሮግራሙ ውስጥ ይጽፋል፤ በደንብም ይሠራል። ዋናው ነገር አድራሻው ታስቦበት የተጻፈ መሆኑ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ላይብረሪው የሲስተሙ ከሆነ ምንም አድራሻ አንጻፍ፤ ፓኬጁ ላይ «ይህ ያስፈልገኛል» ብለን እናስመዝግብና ቀሪውን ለፓኬጅ ማስተዳደሪያው እንተውለት። ላይብረሪው የእኛ ብቻ ከሆነ ኦሪጂን በተባለው ምልክት እንጠቀም፤ እሱ ፕሮግራሙ ካለበት ማውጫ ስለሚነሳ ፎልደሩ በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወርም አይጠፋም። ሲሜክ የምንጠቀም ደግሞ እናስተውል፤ ኢንስቶል ስናደርግ የግንባታ ማውጫውን አድራሻ በራሱ ያወጣልናል፣ ፋይሉን ከግንባታ ማውጫው በእጅ ቀድተን ከሰጠን ግን አድራሻው እንዳለ ይቀራል። ከማስረከባችን በፊት በሪድኤልፍ ውስጡን ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የተሳሳተ አድራሻ ካለም ፓችኤልፍ ያስተካክለዋል።

በተሠራበት ኮምፒውተር ላይ ሠራ ማለት እኮ ማስረጃ አይሆንም። ገምጋሚ መምህራኖቻችን ፕሮጀክቱን ምንም ያልተጫነበት ንጹሕ ማሽን ላይ አስነስተው ቢያዩና ለዚህም ነጥብ ቢይዙ እላለሁ። እኛ ተመርቀን እንበተናለን፤ ፕሮግራሙ ግን መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ይቀራል። አንድ ቀን «ላይብረሪው አልተገኘም» ብሎ ሲቆም ፊቱ የሚቀመጠው ስለ ሊንከር ሰምቶ የማያውቅ ሠራተኛ ነው፤ የሚደውልለትም ሰው አይኖርም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና እኛ እያለን እንጨርሰው።