ለቀትር ብርሃን ጥብቅና

በትርፍ ጊዜያቸው ፎቶግራፍ ለሚያነሡ ሰዎች የሚሰጠው ምክር ተጨምቆ ሲታይ ከአንድ ትእዛዝ ብዙም አያልፍም፤ ከቤት ውጭ የሚነሣ ፎቶ ፀሐይ እንደወጣች ወይም ልትጠልቅ ስትል ይነሣ፣ በቀትር ግን ካሜራው ከቦርሳው አይውጣ የሚል ነው። «ወርቃማ ሰዓት» የሚባለው ይህ ጊዜ ለስላሳና ሞቅ ያለ ቀለም ያለው ብርሃን እንደሚሰጥ አይካድም፤ የሚያከራክረው በአንድ ሰማይ ሥር የሚመች ልማድ ለየትኛውም አገርና ለየትኛውም ነገር የሚሠራ ሕግ ተደርጎ መወሰዱ ነው።

ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች ፀሐይ አግድማ ስለምታዘቀዝቅ ወርቃማው ብርሃን ከአንድ ሰዓት በላይ ሊቆይ ይችላል። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነው ለማለት ይቻላል፤ ከ6 ዲግሪ ከፍታ ተነሥታ እስክትጠልቅ የሚፈጅባትም 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ምክሩን ቃል በቃል የሚፈጽም ሰው እንግዲህ ከ11 ሰዓት በላይ ከሚዘልቀው የቀን ብርሃን ሁለት አጫጭር ጊዜዎችን ወስዶ ሌላውን ሁሉ ይጥላል ማለት ነው።

ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው ላሊበላ ላይ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ ከአለት ተፈልፍሎ የቆመው 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን፣ ፀሐይ ከአድማስ 6 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስትል 12 ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ከ100 ሜትር የሚበልጥ ጥላ ይጥላል። ስለዚህ በተመከረው ሰዓት የደረሰ ጎብኚ የሚያገኘው ብርሃን ያረፈበት ጣሪያና በጥላ የተዋጠ ግድግዳ ነው፤ ካሜራው ሁለቱን ባንድነት መያዝ ስለሚያቅተውም ወይ ጣሪያው ዝርዝሩ ጠፍቶ ይነጣል ወይ ግድግዳው ይጠቁራል። ወደ ስድስት ሰዓት ሲሆን ግን ብርሃኑ በጉድጓዱ አፍ ቁልቁል ይገባል፣ ያገኘውንም ግድግዳ ከላይ ወደ ታች እየታከከ ሲወርድ እያንዳንዱ የአለት ክፈፍና የመስኮት ቅርጽ የየራሱን ጥላ ጥሎ ተለይቶ ይወጣል። መጥፎ የተባለው ሰዓት እዚህ ጠራቢውን የሚያሳየው ሰዓት ነው።

እዚያው አፋፍ ላይ የቅንብር ሕግ የሚባለውም ይሰናከላል። ምስሉን በአግድምና በቁም ከሦስት ከፍሎ ዋናውን ነገር መስመሮቹ በሚገናኙበት ማሳረፍ የሚለው የሦስትዮሽ ሕግ ስሙን ያገኘው እንግሊዛዊው ጆን ቶማስ ስሚዝ ስለ ገጠር መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው መጽሐፍ ነው፤ ፎቶግራፍ ገና ባልተወለደበት ዘመን ለሠዓሊዎች የቀረበ ሐሳብ መሆኑ ነው። መስቀል በመስቀል ውስጥ የተቀረጸበትን፣ ከመሃሉ ወደ አራቱም አቅጣጫ እኩል የተዘረጋውን ጣሪያ በስልክ ስክሪን ላይ ለተሠመሩ መስመሮች ሲባል ወደ ጥግ መግፋት የሕንፃውን ሚዛን ማፍረስ ነው።

በቀትር ላይ ከሚቀርቡት ክሶች የሰውን ፊት የሚመለከተው እውነት አለበት፣ ከላይ የሚወርድ ፀሐይ በዐይን ሥር ጥላ ያሳድራልና። ሆኖም ፎቶውን ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ፀሐይዋ ሳትሆን ኤክስፖዠሩ፣ ማለትም ካሜራው እንዲገባ የፈቀደው የብርሃን መጠን ነው። የካሜራው መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ሁሉ በአማካይ ግራጫ፣ በተለመደው አቆጣጠርም ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ እንደሆነ ይገምታል። በጥምቀት ዕለት ጎንደር በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ ነጠላ የለበሰ ሕዝብ ምስሉን ሲሞላው መለኪያው ነጩን ወደ ግራጫ ሊያወርድ ሁሉን ያጨልማል፤ ነጠላው አመድ ይመስላል፣ የጠይም ሰው ፊትም ከነገጽታው ይጠፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ብርሃኑን ከፊት ላይ መለካት ወይም በካሜራው ማካካሻ አንድ ደረጃ ያህል መጨመር ይበቃል። ነጭ ነገር ዝርዝሩን ፈጽሞ አይጣ የሚለው ጥንቃቄ ለደመናና ለተራራ ይሠራ ይሆናል፤ ሰው በሚነሣበት ጊዜ ግን ከፈትሉ ጥቂት ቢጠፋ ፊት ከሚጠፋ ይሻላል።

የዐይን ሥሩ ጥላም መላ አያጣም። ሰውየው በዛፍ ጥላ ጠርዝ ላይ፣ ፀሐይ ወዳረፈበት ሜዳ ዞሮ ሲቆም ከመሬቱ የሚመለሰው ብርሃን ከአገጩ ሥር ተነሥቶ እስከ ዐይኖቹ ይደርሳል፤ ፀሐይ ዝቅ ባለችበት ሰዓት ደግሞ መሬቱ የሚያገኘው ብርሃን አነስተኛ ስለሆነ ይህን ያህል የሚመልሰው አይኖረውም።