ከዲግሪው በፊት ዕውቀቱ

ተማሪዎች ሆይ፣ ከመካከላችሁ አንዱ «ወደፊት ምን መማር ትፈልጋለህ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ «ዲግሪ መያዝ እፈልጋለሁ» የሚል ነው። ጥያቄው ስለ ዕውቀት ነበር፤ መልሱ ግን ስለ ወረቀት ሆነ። ስሕተቱ ትንሽ ቢመስልም፣ ከሥሩ ያለው አስተሳሰብ የብዙ ወጣቶችን ተስፋ የሚያጨልም በመሆኑ ልንመረምረው ይገባል። የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ በር ዲግሪ ለሚሹ ብቻ ሳይሆን፣ ሥራቸውን እንደያዙ አንድ ነገር ለማወቅ ብቻ ለሚመጡ ሰዎችም ሊከፈት ይገባል፤ በዚህ መንገድ የሚማር ሰውም ከማንም ያነሰ ተማሪ አይደለም።

ይህ ሐሳብ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ጄምስ ስቱዋርት የተባለ የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1867 ከግቢው ወጥቶ በሰሜን እንግሊዝ ከተሞች ለሴቶች፣ በክሩ ከተማም ለባቡር ሠራተኞች ማስተማር ጀመረ። ዩኒቨርሲቲው ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1873 የራሱ አድርጎ በመቀበል፣ በኖቲንግሃም፣ በደርቢና በሌስተር ትምህርቱን ከፈተ። አድማጮቹ ዲግሪ አልተሰጣቸውም፤ የተሰጣቸው ዕውቀት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ኬምብሪጅ ሴቶችን በሙሉ የዲግሪ ማዕረግ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እንግዲህ እነዚያ ሴቶች «ዲግሪ ካልተሰጠን አንማርም» ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ሰማንያ ዓመት ያህል በሩ ሥር ቆመው መጠበቅ ነበረባቸው።

ወደ አገራችን ስንመለስም፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ከተከፈተ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ቀን በሥራ ለሚውሉ ሰዎች የማታ ትምህርት መስጠት ጀምሯል። «ኤክስቴንሽን» የሚለው ቃል ዛሬ ለከተማ ሰው ሁሉ እንግዳ አይደለም። መምህራንም ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በክረምቱ ዝናብ ደብተራቸውን በጉያቸው ይዘው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመላለሱ ኖረዋል። ከእነዚህ ትምህርቶች አብዛኞቹ ለዲፕሎማ ወይም ለዲግሪ የሚያበቁ ናቸው። ሆኖም ከጎናቸው በሒሳብ አያያዝ፣ በቋንቋ፣ በኮምፒዩተርና በመሳሰሉት ለጥቂት ወራት የሚሰጡ፣ ማዕረግ የማያስገኙ ትምህርቶች አሉ። ብዙ ሰው የሚንቀው እነዚህን ነው።

እኔም ከናቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። በማታ ክፍለ ጊዜ አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ በገበያ እህል የሚነግዱ፣ በእድሜ እናቴ የሚሆኑ አንዲት ተማሪ ነበሩ። አንድ ቀን፣ በአንድ ኮሌጅ ለሦስት ወር የሚሰጥ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ለመመዝገብ ማሰባቸውን ነገሩኝ። እኔም ዲፕሎማዬን ተመክቼ፣ «እማማ፣ ያ ወረቀት የትም አያደርስዎትም፤ ገንዘብዎን ባያባክኑ ይሻላል» አልኋቸው። እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «የኔ ልጅ፣ ወረቀቱን አንተው ውሰደው፤ እኔ የቸገረኝ ሒሳቡ ነው» ሲሉ መለሱልኝ። ለካስ የዱቤ መዝገባቸውን የሚጽፍላቸው ሌላ ሰው ኖሮ፣ ማን ስንት እንደ ከፈለና ማን እንደ ቀረበት ሳያውቁ ዓመታት አልፈዋል። ትምህርቱን ከጨረሱ በኋላ መዝገቡን በገዛ እጃቸው መያዝ ጀመሩ። የምስክር ወረቀታቸውን ግን አንድ ቀን እንኳ ሲያሳዩ አላየሁም። የዚያን ዕለት የተማርሁት እኔ ነኝ።

በእርግጥ ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች ሁለት ጠንካራ ምክንያቶች ያቀርባሉ። አንደኛው፣ ቀጣሪ የሚጠይቀው ማስረጃ ነው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ሐኪምና መሐንዲስ የሚሆን ሰው የታወቀውን ረጅም ትምህርት መጨረስ አለበት፤ የሰው ሕይወት በእጁ ነውና። ነገር ግን የሰው ሥራ ሁሉ በቅጥር አይደለም፤ በቅጥር ያለውም ቢሆን ሥራውን የሚያሻሽለው በየጊዜው በሚጨምረው ዕውቀት ነው። ሁለተኛው ምክንያት፣ በአጭር ትምህርት ስም ወረቀት የሚሸጡ አሉ የሚል ነው። ይህም አይካድም። መፍትሔው ግን ትምህርቱን መሸሽ ሳይሆን መመርመር ነው። ከመመዝገባችሁ በፊት የሚያስተምረው ማን ነው፣ ተቋሙ ፈቃድ አለው ወይ፣ ትምህርቱን ስጨርስ ዛሬ የማልችለውን ምን መሥራት እችላለሁ ብላችሁ ጠይቁ። ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የማይሰጥ ትምህርት፣ ዲግሪ ቢያሰጥም ባያሰጥም፣ ከንቱ ነው።

ይህን ጉዳይ ለእናንተ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም.ም ውጤቱ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ትምህርት ማለት ዲግሪ ብቻ ከሆነ፣ የቀሩት ዘጠና ሰባቱ ትምህርታቸው በዚያው አበቃ ማለት ነው። ይህን ፍርድ በራሱ ላይ የሚፈርድ ወጣት ተስፋ ቢቆርጥ ምን ይደንቃል? ትምህርት ግን እንደ ወንዝ ነው፤ ውኃ የሚቀዳበት መልካ አንድ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ለፈተናችሁ ተግታችሁ ተዘጋጁ፤ ዲግሪንም ተመኙ፤ መመኘቱ መልካም ነው። ነገር ግን ከሥራ ውሎ በኋላ ደብተሩን ይዞ ወደ ማታ ትምህርት የሚሄደውን ጎልማሳ ስታዩ አትሳቁበት። ነገ በዚያ መንገድ የምትሄዱት እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ መንገዱም የሚያሳፍር አይደለም። «ምን መማር ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ ዳግመኛ ቢቀርብላችሁም፣ አስቀድማችሁ የምትፈልጉትን ዕውቀት በስሙ ጥሩ።