የቤት ራውተር ምርጫ፦ ቁልፉ በማን እጅ ነው?

የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በሚገኝበት ኪቶ ፉርዲሳ አካባቢ አከራይና ተከራዮች አንድ የኢንተርኔት መስመር የሚጋሩበት ግቢ አለ እንበል። ተማሪው ለመመረቂያ ጥናቱ ጽሑፍ ያወርዳል፤ አከራይዋ ውጭ አገር ካለ ልጃቸው ጋር በቪዲዮ ይነጋገራሉ፤ ከአጋሮ ቡና የሚያመጣው ነጋዴ የባንክ ሒሳቡን በስልኩ ይመለከታል። የሁሉም መልእክት የሚያልፈው በአንዲት ትንሽ ሣጥን ነው። ይህች ሣጥን ራውተር ትባላለች።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ገንዘብን በስልክ ማንቀሳቀስ የዕለት ተዕለት ተግባር ሆኗል። የባንኮች የሞባይል አገልግሎትም እንዲሁ ተስፋፍቷል። ስለዚህ የቤት ኢንተርኔት ደኅንነት የቤተሰብ ገንዘብና ምስጢር ጉዳይ ነው። ይሁን እንጂ ራውተር ሲገዛ በአብዛኛው የሚጠየቀው ዋጋው ስንት ነው፣ ምልክቱስ እስከ የት ይደርሳል የሚለው ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ግን ይዘነጋል፤ የዚህ ዕቃ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ጥያቄው የንድፈ ሐሳብ ብቻ አለመሆኑን የዓለም ልምድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተሰኘ አጥፊ ሶፍትዌር በዓለም ዙሪያ ራውተሮችንና የደኅንነት ካሜራዎችን ተቆጣጥሮ ነበር። ይህን ለማድረግ የረቀቀ ጥበብ አላስፈለገውም። ከፋብሪካ የወጡና ባለቤቶቻቸው ያልቀየሯቸውን 60 ያህል የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ጥንዶች በየተራ ይሞክር ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ከዚሁ ሶፍትዌር ጋር በተያያዘ ጥቃት በጀርመን 900,000 ያህል የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ግንኙነት ተስተጓጉሏል። በ2018 ደግሞ ቪፒኤን ፊልተር የተባለው ሌላ ሶፍትዌር በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 መሣሪያዎችን መበከሉ ታውቋል።

ቡና የሚገዛ ነጋዴ በጆንያው ላይ በተጻፈው አይረካም፤ ናሙና አውጥቶ ፍሬውን ያያል፣ ያሸታል። ራውተር የሚገዛ ሰውም በካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ፍጥነትና ከአንቴናው ብዛት አልፎ መመርመር ይጠበቅበታል። አስቀድሞ መሣሪያው ከመስመሩ ዓይነት ጋር መስማማቱን ያረጋግጥ፤ ለመዳብ መስመር የተሠራ ሞደም በፋይበር መስመር ላይ አይሠራም። ቀጥሎ አምራቹ ለዚያ ሞዴል የሶፍትዌር ማሻሻያ ማውጣቱን እንዳላቆመ ይጠይቅ። ማሻሻያ የተቋረጠበት ራውተር ርካሽ ቢሆንም የታወቀ ቀዳዳው ሳይደፈን ይኖራል። ከዚያም ዋይፋዩ ደብሊው ፒ ኤ 3 የተባለውን፣ ይህ ካልተገኘ ደብሊው ፒ ኤ 2 የተባለውን የምስጠራ ደረጃ መደገፉን ይመልከት። በመጨረሻም የእንግዳ ኔትወርክ ለብቻ ለመክፈት ማስቻሉን ያጣራ። በጋራ ግቢ ውስጥ ይህ ትልቅ ፋይዳ አለው፤ ተከራይና እንግዳ ኢንተርኔት እያገኙ ወደ ባለቤቱ ኮምፒውተርና ካሜራ እንዳይደርሱ ይለያል።

ራውተር ሁለት የይለፍ ቃሎች እንዳሉት ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛው ዋይፋይ ለመጠቀም የሚሰጠው ሲሆን ሁለተኛው የመሣሪያውን ማስተካከያ ገጽ የሚከፍተው ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ይቀይርና ሁለተኛውን ከፋብሪካ እንደመጣ ይተወዋል። ማስተካከያ ገጹን የከፈተ ሰው የድረ ገጽ አድራሻዎች የሚተረጎሙበትን መንገድ ለውጦ ተጠቃሚውን ወደ ሐሰተኛ ገጽ ሊመራ ይችላል። አሳሹ የሚያሳየው ማስጠንቀቂያ በዚህ ጊዜ ይረዳል፤ በችኮላ የሚያልፈው ግን አይጠፋም። በመሆኑም ሁለቱንም ቃሎች መቀየር፣ ከውጭ ሆኖ መሣሪያውን ለማስተዳደር የሚያስችለውን አማራጭና በአንድ ቁልፍ ብቻ የሚያገናኘውን ደብሊው ፒ ኤስ መዝጋት ያስፈልጋል። ራውተሩ ከአገልግሎት ሰጪው የመጣ ከሆነም ደንበኛው ማስተካከያ ገጹን ራሱ መክፈት መቻሉን ገና ሲረከብ ይጠይቅ።

መብራት ሲጠፋና ሲመጣ ማስተካከያው በራሱ አይሰረዝም። ነገር ግን ኢንተርኔት ሲቋረጥ ትዕግሥት ያጣ ሰው ሪሴት የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ከያዘው ራውተሩ ከፋብሪካ ወደ ወጣበት ሁኔታ ይመለሳል፤ የተቀየሩት የይለፍ ቃሎችም አብረው ይጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደገና መስተካከል አለበት። በአንጻሩ ያገለገለ ራውተር የገዛ ሰው በመጀመሪያ ሊያደርገው የሚገባው ይህንኑ ሪሴት ነው።

የበለጠ ቁጥጥር ለሚሹ ኦፕን ደብሊው አር ቲ የተሰኘ ነፃ ሶፍትዌር አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረ ሲሆን አምራቹ ማሻሻያ ያቆመበትን ራውተር ዕድሜ ሊያራዝም ይችላል። ለኢንስቲትዩቱ የምህንድስና ተማሪዎች ጥሩ የተግባር ትምህርት ነው። ሆኖም በሁሉም ሞዴል ላይ አይሠራም፤ አጫጫኑ ከተሳሳተም መሣሪያውን ከአገልግሎት ውጭ ሊያደርገው ስለሚችል ሞዴሉ መደገፉን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል።

ኃላፊነቱ ግን በገዢው ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 29 ቀን 2024 ጀምሮ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት የሆነና በቀላሉ የሚገመት የይለፍ ቃል ያላቸው መሣሪያዎች እንዳይሸጡ በሕግ ከልክላለች፤ አምራቾችም ማሻሻያ የሚሰጡበትን ዘመን እንዲያሳውቁ አስገድዳለች። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ወደ ሌላው ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ በሚሰበስቡ ተቋማት ላይ ግዴታ ይጥላል። ሕግ ግን አጥፊን የሚቀጣው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። በአንድ ሰው መስመር ወንጀል ሲፈጸም የምርመራው የመጀመሪያ ዱካም ወደ ባለመስመሩ ደጅ ይመራል።

ስለዚህ አስመጪዎችና ሻጮች ማሻሻያው እስከ መቼ እንደሚቆይ ለደንበኛ ቢያስረዱ፣ ገመድ የሚዘረጉ ባለሙያዎችም ከመሄዳቸው በፊት የማስተካከያ ገጹን ቃል ባለቤቱ ራሱ እንዲቀይር ቢያደርጉ ድካሙ የጥቂት ደቂቃ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው የቤቱን በር የሚቆልፍ ሁሉ የመስመሩንም በር ዛሬውኑ ይቆልፍ።