ተኝቶ የሚሄድ ጀልባና የዕዳው ባለቤት

ሹፌሩ መሪውን ለማሽን ሰጥቶ ጋደም የሚልበትን መኪና “ኢንሹራንስ ግቡልኝ” የሚል ሰው ቢኖር በሳቅ ይሸኙታል። ውቅያኖስ ላይ ግን ይኸው ሥራ ስፖርት ተብሎ ስፖንሰር ይሰለፍለታል። ቬንዴ ግሎብ በተባለው ውድድር አንድ ሰው በሸራ ጀልባ ብቻውን ከፈረንሳይዋ ሌ ሳብል ዶሎን ይነሳና ያለ ረዳት ዓለምን ዞሮ ይመለሳል። እንቅልፉ ብዙውን ጊዜ የደቂቃዎች ነው። ይሁንና ጀልባዋ በ30 ኖት ከበረረች በ20 ደቂቃ ሸለብታ 18 ኪሎ ሜትር ትጨርሳለች።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2021 ጀርመናዊው ቦሪስ ኸርማን ለመድረስ 90 ማይል ገደማ ሲቀረው ከመሪዎቹ ተርታ ነበር። የተፎካካሪውን ነፍስ ለማዳን በመሰለፉ የ6 ሰዓት ማካካሻ ስለተያዘለት የማሸነፍ ተስፋም ነበረው። የዚያን ዕለት ምሽት ሸለብ ባደረገበት ከአንድ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ጋር ተላተመ። ራዳሩም፣ የመርከቦችን መገኛ የሚያሳየው መሣሪያም፣ ምሰሶው ጫፍ ላይ የተተከለው ካሜራም አላነቁትም። በማግስቱ ጀልባውን እያስነከሰ ገብቶ 5ኛ ሆነ።

በዚያው ውድድር፣ ዲሴምበር 2020 ላይ፣ ሴባስቲያን ሲሞንና ሳማንታ ዴቪስ ከኬፕ ታውን በስተደቡብ ከተንሳፋፊ ነገር ጋር ተጋጭተው ከውድድሩ ወጥተዋል። ይህ የራስ ኪሳራ ነው፤ ባለንብረቱና መድን ሰጪው በአረቦን ይነጋገሩበት። የዓሣ አጥማጁ ጉዳይ ግን ሌላ ሒሳብ ነው። ሠራተኞቹ ውድድር አልገቡም፣ ስማቸውም ሸራ ላይ አልተጻፈም።

እ.ኤ.አ. የ1972ቱ የመርከብ ግጭት መከላከያ ደንብ፣ 5ኛው አንቀጽ፣ ማንኛውም መርከብ ምንጊዜም በዓይንና በጆሮ እንዲጠብቅ ያዛል። አንድ ሰው 80 ቀን ሳይተኛ አይጠብቅም። እንግዲህ ውድድሩ ሕጉን የሚጥሰው ገና ከወደብ ሲነሳ ነው ማለት ነው።

“ዓሣ አጥማጆችስ መሣሪያቸውን ያጠፉ የለ?” የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ዕቃውን ከየት እንደሚያወጣ የሚናገር ነጋዴ እንደሌለ ሁሉ፣ ዓሣ ያለበትን ቦታ ለመደበቅ የሚያጠፉ አሉ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከ15 ሜትር በላይ የሆነ የዓሣ መርከብ መሣሪያውን መያዝ ግዴታው ነው። የአንዱ ማጥፋት ግን ለሌላው መተኛት ፈቃድ አይሆንም።

ገንዘቡን ተከተሉ። በዚያ ውድድር ለ1ኛው የተሰጠው ሽልማት 200,000 ዩሮ ሲሆን፣ የአንዷ አዲስ ጀልባ ዋጋ ግን በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ለሽልማቱ ሲል እዚያ የሚገባ የለም፤ የሚገዛው ማስታወቂያ ነው። የማስታወቂያው ትርፍ ለስፖንሰሩ ከሆነ የተጎጂው ወጪም የእሱ ሊሆን ይገባል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ጠበቆች እስኪጨርሱ የተመታው መርከብ ወደብ ላይ ታስሮ የሥራ ቀኑን መቁጠር የለበትም። እያንዳንዱ ስፖንሰር አስቀድሞ ተቀማጭ ያስይዝ፤ አዘጋጁ ካሳውን ከዚያ ከፍሎ ክርክሩን በኋላ ይቀጥል።

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በተነሳው ውድድር 40 ጀልባዎች ተሰልፈዋል፤ ኸርማንም ከነሱ አንዱ ነበር። ቀጣዩ ለ2028 ታስቧል። ተቀማጩን በምዝገባው ውል ላይ ለመጨመር ጊዜ አላቸው።