የፈረስን ዘር ስለ መቍጠር

የአገራችን ሰው ልጁን ሊድር ባሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረምረው ዘሩን ነው። በአባትም በእናትም በኩል እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል፤ ዝምድና የተገኘ እንደ ሆነ ጠላው ተጠምቆ ጠጁ ተጥሎ ቢሆን እንኳ ጋብቻው ይቀራል። እኔም በፍርድ ቤት በጸሐፊነት ስሠራ፣ ፊደል ያልቈጠሩ ሽማግሎች በውርስ ክርክር ላይ ቆመው «እገሌ እገሌን ወለደ» እያሉ ያለ አንዳች መሰናክል ሲመሰክሩ ብዙ ጊዜ ጽፌአለሁ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ትዝታ የተሰጠው ሕዝብ፣ ነገሩ ወደ ፈረሱ በመጣ ጊዜ የአያቱን ስም እንኳ አይጠይቅም።

ይህን ማለቴ ፈረስን አናከብርም ለማለት አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው ተብለው በፈረስ ስም ተጠርተዋል። በአዊ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ፈረሱን ሸልሞ በዓሉን ያከብራል። ይሁን እንጂ ዳኘው ከየትኛይቱ ባዝራ እንደ ተወለደ፣ ልጆቹስ በማን ደጅ እንዳደጉ ሊነግረን የሚችል አንባቢ ስንት ነው? ስሙን ይዘን ደሙን ለቀቅነው።

የዘር መቍጠር ጥቅሙ ለክብር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ፍጥረት ሁሉ ከአባቱ እኩሌታውን፣ ከእናቱ እኩሌታውን ይወርሳል። በአንደኛው በኩል የተሰወረ ድካም ቢኖር፣ የሌላው ጤንነት ሸፍኖት ሳይታይ ይኖራል። ዘመድ ከዘመድ በተገናኘ ጊዜ ግን ያው አንዱ ድካም ከሁለቱም በኩል ይመጣና ሸፋኝ ያጣል፤ ውርንጭላውም ደካማ ወይም መካን ይሆናል። በአንጻሩ ዘሩ ሰፊ የሆነ መንጋ፣ አንዱ ብርዱን፣ አንዱ ረኃቡን፣ አንዱ በሽታውን የሚችል ስለ ሆነ፣ ክፉ ዘመን ቢመጣ የሚተርፍ አያጣም።

መጻፍም ብቻውን አይበቃም። እንግሊዞች የእሽቅድምድም ፈረሶቻቸውን ትውልድ ከ1791 (በፈረንጆች አቈጣጠር) ጀምሮ በመጽሐፍ እያተሙ ጠብቀዋል፤ ነገር ግን ፍጥነትን ብቻ ስለ ፈለጉ፣ እነዚህ ፈረሶች ሁሉ በአባት በኩል ከምሥራቅ ከመጡ ከሦስት ድንጉላዎች የሚወርዱ ሆኑ፤ የሚበዙትም ከአንዱ ብቻ ናቸው። የሞንጎልያ የዱር ፈረስ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምረናል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ከምድረ በዳው ፈጽሞ ጠፍቶ ሳለ፣ በየአገሩ የአራዊት ማኖሪያ ከተረፉት ከ15 በማይበልጡ አያቶች ዘሩ ተባዛ። የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝ በመዝገብ እየተጠበቀ ቈይቶ፣ በ1992 ወደ አገሩ ተመለሰ። የዚያ ፈረስ ሕይወት በጸሐፊዎች ብዕር ተንጠልጥሎ ነበር ብል፣ የሙያዬ ትዕቢት ነው አትበሉኝ።

ወደ አገራችን እንመለስ። የእንስሳት ሊቃውንት በ2012 በፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ የኢትዮጵያን ፈረሶች ቁመትና አካል ለክተው በስምንት ወገን ከፈሏቸው፤ እነርሱም የሐበሻ፣ የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረና፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የኦጋዴንና የቁንዱዶ ፈረሶች ናቸው። የቁንዱዶው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያሳስባል። ቁንዱዶ ከሐረር ወደ ምሥራቅ፣ በጉርሱም በኩል ያለ አናቱ ሜዳ የሆነ ተራራ ነው፤ በዚያ ላይ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች ከሰው ተለይተው ብዙ ዘመን ኖረዋል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የሊቃውንት ዓይን በወደቀባቸው ጊዜ ግን፣ የአካባቢው ሰው ለሥራ እየያዘ ስለ ወሰዳቸው የቀሩት እጅግ ጥቂት ነበሩ። አገራችን ፈረስ ከሚበዛባቸው የአፍሪካ አገሮች ዋነኛይቱ መሆንዋ ሊያዘናጋን አይገባም፤ የሰላሌ መቶ ሺህ ፈረስ የቁንዱዶን አንድ አይተካምና።

ሁለተኛው መጥፊያ ከቤታችን ውስጥ ያለ ነው፤ እርሱም በቅሎ ነው። በቅሎ አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፤ መካን ስለ ሆነች ግን እናት ተብላ የምትጠራበት ቀን የለም። መልካም ባዝራ በቅሎ ስትወልድ በኖረች ቍጥር ዘርዋ ከእርስዋ ጋር ይቀበራል። ክፋቱም ለዚህ የሚመረጡት ጠንካሮቹ ባዝራዎች መሆናቸው ነው።

በምኖርበት በአንዋር መስጊድ ሰፈር ሸቀጥ የሚነግድ አንድ ጎረቤት አለኝ፤ እናቱ በሰላሌ አንዲት ዳማ ባዝራ አላቸው። ወንድሞቹ በቅሎ ብታስወልድ ዋጋ ታወጣለች ብለው ስለ ተከራከሩ፣ መዝገብ ያውቃል ብሎ እኔን አማከረኝ። ገንዘብ ለቸገረው ቤት በቅሎን ከልክል ማለት ግፍ ስለ ሆነ፣ አስቀድማ አንዲት ሴት ውርንጭላ ለምትክ ትውለድ፤ ከዚያ በኋላ የወደዳችሁትን አድርጉ አልሁት። የተጠቃችበትን ቀን፣ የድንጉላውን መልክ፣ የባለቤቱን ስምና የድንጉላውን እናት ይጽፍ ዘንድ ነገርሁት። በመንደሩ የታወቀ አንድ አምባላይ ድንጉላ ስለ ነበረ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

እናቱ በሰሙ ጊዜ ግን አይሆንም አሉ። ያ ድንጉላ በውርንጭላነቱ ከእርሳቸው ደጅ ለጥሎሽ የተሰጠ፣ የዳማይቱም የእናትዋ ልጅ ኖሯል። ስለዚህ ባዝራይቱ ወንዝ ተሻግራ ወደ ሌላ ቀበሌ ተወሰደች። ጎረቤቴም በሸቀጥ መዝገቡ መጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን፣ «መጋላ» የሚለውን የድንጉላውን መልክና የባለቤቱን ስም ጽፎ አሳየኝ፤ የድንጉላው እናት የምትጻፍበት መስመር ግን የሚያውቃት ሰው ስላልተገኘ ባዶ ነው።