እግረኛውንስ ማን ያስብለት?

ስለ መንገድ ሲነገር ሁላችንም ፈጥኖ የሚታየን መኪና ነው። ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት ተነጠፈ፥ ስንት ድልድይ ተሠራ፥ ከዚህ እዚያ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል እንላለን። ነገር ግን ከመኪናው በፊት የነበረ፥ መኪናውም ከመጣ በኋላ ያልቀረ አንድ መንገደኛ አለ፤ እርሱም እግረኛው ነው። ዛሬ ስለዚህ ሰው፥ በተለይም ስለት ይዞ፥ ስንቁን በትከሻው አንግቶ ከሩቅ አገር ወደ ላሊበላ ስለሚጓዘው እግረኛ ጥቂት ለመናገር እንወዳለን።

ላሊበላ 11 ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት ያሏት፥ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበች ከተማ መሆንዋን የማያውቅ ተማሪ የለም። ኢየሩሳሌም ለመሄድ ያልተቻለው ምእመን በገዛ አገሩ ይሳለም ዘንድ ታስባ እንደ ተሠራች በትውፊት ይነገራል፤ ወንዝዋም ዮርዳኖስ ይባላል። በገና በዓል የንጉሡ የላሊበላ ልደት ጭምር ስለሚታሰብ፥ በታኅሣሥ ወር ከወሎ፥ ከጎንደር፥ ከጎጃም፥ ከሸዋና ከትግራይ የሚነሣው ሕዝብ መንገዱን ሁሉ ነጭ ያለብሰዋል። ብዙው በመኪና፥ ጥቂቱም በአውሮፕላን ይመጣል። ሳምንትና ከዚያም በላይ በእግሩ ተጉዞ የሚደርሰውም ቢሆን እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ ቁጥሩ ትንሽ አልነበረም።

እኛም በ2012 ዓ.ም. የገና ሰሞን፥ ገና ተማሪዎች ሳለን፥ ከእነዚህ መንገደኞች ጋር አንድ ቀን ተጉዘናል። ከጋሸና እስከ ላሊበላ በመኪናው መንገድ 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ በዚያ ቀን የሄድነው እኩሌታውን ያህል ነው። ጋሸና በደጋው ላይ ስለ ሆነች የማለዳው ውርጭ ጣት ያደነዝዛል። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዝቅተኛው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አይሞላም። ከዚያ ቆላ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ወደ ከተማይቱ እንደገና ዳገት መውጣት አለ። በማለዳ ጋቢ የተከናነበ ሰው ቀትር ላይ ጥላ ፍለጋ ዓይኑን ያንከራትታል። ዳገት ሳንባን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን ጉልበትን ነው የሚፈትነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ የሚያውቅ የሄደበት ብቻ ነው።

በመንገዱ አብረውን የተጓዙት አንዲት እናት ከጎጃም ከተነሡ 12ኛ ቀናቸው ነበር። በረባሷቸውን በዱላቸው ጫፍ አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ። ስንቃቸው በሶና ድርቆሽ፥ ውሃቸውም በትንሽ ቅል ነው። «እማማ፥ መኪናው ባዶ መቀመጫ አለው፤ ለምን አይሳፈሩም?» ብለን ብንጠይቃቸው፥ «ልጆቼ፥ ስለቴ በእግር ነው፤ ልጄ ታሞ የዳነው በመኪና ልሂድ ብዬ አይደለም» አሉን። ቀጥለውም ከቅላቸው ውሃ አንስተው ከእኛ ለአንዱ ሰጡ። የእኛ ውሃ ቀትር ሳይሆን አልቆ ነበር። የእሳቸው ግን አላለቀም፤ መቼ መጠጣት እንደሚገባ ያውቁበታልና።

ሲመሽ ከመንገዱ ዳር ወዳለች አንዲት መንደር ጎራ አልን። ሽማግሌው ከፊት ቀድመው፥ «የመሸብን መንገደኞች ነን፥ አሳድሩን» አሉ፤ ከውስጥም፥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፥ ግቡ» የሚል ድምፅ መጣ። ባለቤቲቱ ስማችንን ሳትጠይቅ አስቀድማ ውሃ አሙቃ አቀረበችልን። ንፍሮ ተበላ፤ የየአገሩ የዝናብና የመከር ወሬ ተወራ፤ በጎጃም ጤፍ ስንት እንደ ዋለ፥ በጎንደር መንገዱ እንዴት እንደ ሆነ በዚያች ጎጆ ውስጥ ተሰማ። ላሊበላ የደረሰውንም መንገደኛ የከተማው ወጣቶች ተንበርክከው እግሩን ያጥቡታል። አገር ከአገር የሚተዋወቀው እንዲህ ባለ ሌሊት ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፥ «ዘመኑ የሥልጣኔ ነው፤ በእግር መንከራተት ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። ለእነዚህ ሰዎች የምንመልሰው አለን። ሽማግሌ፥ ሕመምተኛና ነፍሰ ጡር ሴት በመኪና መጓዛቸው የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ድካምን ለድካምነቱ አናወድስም። የምንለው፥ በፈቃዱ በእግሩ የሚሄድ ሰው እንደ ኋላ ቀር ሊቆጠር አይገባውም፤ መንገዱም ሊጠፋበት አይገባም ነው። ዛሬ በብዙ ስፍራ አስፋልቱ በጥንቱ የእግር መንገድ ላይ ሲነጠፍ ለእግረኛው የቀረለት በጭነት መኪናና በገደል መካከል ያለች አንዲት ጠባብ ጠርዝ ናት። ውሃ የሚጠጣበት፥ የሚጸዳዳበት፥ ከፀሐይ የሚጠለልበት ስፍራም አልታሰበለትም።

ይህ ነገር ሊታሰብ የሚችል መሆኑን ከሌሎች አገሮች እንማራለን። በስፔን ወደ ሳንቲያጎ የሚወስድ የጥንት የተሳላሚዎች መንገድ አለ፤ ከፈረንሳይ ወሰን ሲጀመር ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1984 መንገዱን ፈጽመው የምስክር ወረቀት የተቀበሉት ከ500 አይበልጡም ነበር። በዚያው ዓመት ኤሊያስ ባሊንያ የተባሉ የኦ ሴብሬይሮ መንደር ቄስ ቢጫ ቀለም ይዘው በየድንጋዩና በየዛፉ ላይ ቀስት እየሳሉ መንገዱን ያመለክቱ ጀመር። በየመንደሩም ለእግረኛ የሚሆን ርካሽ ማደሪያ ተስፋፋ። በ2024 የምስክር ወረቀቱን የተቀበሉት ወደ 500 ሺህ ይጠጉ ነበር። ለእግረኛ 100 ኪሎ ሜትር መሄድ ግዴታ ነው፤ በአውቶቡስ ለመጣ አይሰጥም። እርግጥ ብዛት ንግድን አስከትሏል፤ እኛም የላስታ ገበሬ የእንግዳ አቀባበሉን በዋጋ እንዲለውጥ አንመኝም። ግን አንድ የገጠር ቄስ በቀለምና በብሩሽ ያስነሡትን መንገድ ስናይ፥ ገንዘብ የለም የሚለው ምክንያት ያሳፍራል።

የእግረኛው መንገድ ሰላምንም ይፈልጋል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. ጋሸና የውጊያ ስፍራ ሆነች፤ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራትም በከተማይቱ ውጊያ ተካሂዷል። መንገድ ሲዘጋ ባለገንዘቡ በአውሮፕላን ያልፋል፤ ስለት ያለባቸው እናት ግን በቤታቸው ይቀራሉ። በዚያን ጊዜ የሚቋረጠው ጉዞ ብቻ አይደለም፤ ጎጃሜው በላስታው ጎጆ ማደሩ፥ የላስታውም ሰው የጎጃሙን ወሬ መስማቱ አብሮ ይቋረጣል። ሳይተዋወቅ የኖረ ሕዝብ ደግሞ የሰማውን ክፉ ወሬ ሁሉ ለማመን የቀረበ ነው።

እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ለተማሪዎችና ሥራ ለጀመሩ ወጣት ባለሥልጣኖች ስለ ሆነ፥ የምንለምነው ጥቂት ነው። የመንገድ ፕላን በእጁ ያለ ወጣት መሐንዲስ ለእግረኛው አንዲት ሜትር ጠርዝ ይጨምርለት። በወረዳ የሚሠራው በየግማሽ ቀን ጉዞ ርቀት አንድ የውሃ ቧንቧ፥ አንድ መጸዳጃ ቤትና ጥቂት ጥላ የሚሰጡ ዛፎች በበጀቱ ይያዝ። ተማሪውም መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፥ የዕረፍት ጊዜውን አንድ ቀን ለእግሩ ይስጥ። ሃይማኖቱ ምንም ቢሆን፥ የሚሄድበት ስፍራ ላሊበላም ይሁን ግሸን፥ ድሬ ሼኽ ሁሴንም ይሁን የአያቱ መንደር፥ በዚያ አንድ ቀን የሚማረው ከመኪና መስኮት አይገኝም። ውሃ የት እንደ ጠፋ፥ ድልድይ የት እንደ ጎደለ፥ ማን ለማን በሩን እንደሚከፍት የሚታወቀው በእግር ሲኬድ ነው። ነገ ስለዚያ ሕዝብ ወረቀት ላይ የሚፈርመው ይኸው ወጣት ነውና፥ ከመፈረሙ በፊት አንድ ቀን አብሮት ቢሄድ ለሁለቱም ይበጃል።