ያሰረ ያሳክም!

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሒም

ውድ የኮልፌ ቀራንዮ ጀመዓዎች!

በሐምሌ 2004 ኮሚቴዎቻችን ሲታሰሩ ምን እንዳደረግን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከአወሊያ ግቢ የተነሳው ድምፅ በየጁሙዓው አንዋርን ሞላው። ለታሳሪ ቤተሰብ አስቤዛ ተዋጣ፤ ምሳ የያዘ ሰው ቂሊንጦና ቃሊቲ ተመላለሰ፤ በየሶላቱ ዱዓ ተደረገ። ሐምሌ 27/2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ሲፈረድባቸው አለቀስን። ከፊሎቹ ቀደም ብለው፣ ቀሪዎቹ በ2010 ሲፈቱ በተክቢራ ተቀበልናቸው። አልሐምዱሊላህ! በዚህ ልንኮራ ይገባል።

ነገር ግን ተክቢራ ያልተሰማላቸው ተፈቺዎችም አሉ።

በእኛ ሰፈር አንድ ወንድም አለ። ስሙን አንጠራም፤ የነበረበትንም እስር ቤት አንጠራም። ከመታሰሩ በፊት አጣና ተራ ይሠራ ነበር። ሲመለስ ሌሊት አይተኛም፤ በር ሲንኳኳ ጥግ ይይዛል፤ ውዱእ ቦታው ላይ ቆሞ እጁን አንድ ሰዓት ያጥባል። እስር ቤት ሳለ መድኃኒት ጀምሮ ነበር። የተፈታ ዕለት ቀበቶውንና የመፈቻ ወረቀቱን ሰጡት፤ መድኃኒቱን ግን አልሰጡትም። ምን ይወስድ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ የለም፤ ወዴት ይሂድ የሚል ሪፈርም የለም። እናቱ የነፃ ህክምና ወረቀት ለማውጣት ሄዱ፤ የልጃቸው መታወቂያ ጊዜው አልፏል፣ ስሙም ከቤተሰቡ ቅፅ ወጥቷል ተባሉ። ምስክር አምጡ፣ ነገ ተመለሱ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አራት ወር እንዲህ አለፈ። በአራተኛው ወር አንድ ጁሙዓ ላይ ኹጥባ መሀል ተነስቶ ጮኸ። ሶፉ ተረበሸ። ክንዱን ይዘው ወደ ውጭ ካወጡት ሰዎች አንዱ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ። ጫማውን እንኳ አላቀበልኩትም።

ስለዚህ የምንናገረው ስለ መንግስት ብቻ አይደለም። ግን ከመንግስት እንጀምር፤ ዕዳው የሱ ነውና።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሰኔ 2010 ፓርላማ ቀርበው ሰው ማሰቃየትና ጨለማ ቤት ማሰር በመንግስት እጅ የተፈጸመ የሽብር ተግባር መሆኑን በራሳቸው አንደበት አምነዋል። ማዕከላዊም በዚያው ዓመት ተዘግቷል። ሙዚየም ይሆናል ተብሎም ተነግሯል። ጥሩ ነው፤ ግድግዳው ይጎብኝ። በዚያ ግድግዳ ውስጥ አእምሮው የተጎዳውን ሰውስ ማን ይጎብኘው? ጥፋቱን ያመነ አካል ካሳውን ሊክፈል ግድ ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያው ካሳ ህክምና ነው።

«ህጉ አይፈቅድም» እንዳይሉን ህጉን እናንብብላቸው። የሕገ መንግስቱ አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው ሰብዓዊ ክብሩ ተጠብቆ እንዲያዝ፣ ሐኪምና የሃይማኖት አማካሪም እንዲጎበኙት ይደነግጋል። አንቀጽ 41 ንዑስ 5 መንግስት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአእምሮ ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። የ1996 የወንጀል ህግም ቢሆን በህመም ምክንያት የሚሠራውን የማያውቅ ሰው በወንጀል እንዳይጠየቅ አድርጎ፣ ፍርድ ቤቱ ህክምና እንዲያዝለት መንገድ ከፍቷል። በሸሪዓችን አእምሮውን ባጣ ሰው ላይ ቀለም ተነስቷል፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሆኖም ፍርዱን ጨርሶ ወይም በአመክሮና በምህረት ወጥቶ፣ ከበሩ ማዶ ለቆመ ህመምተኛ በእጁ የሚገባ በጀት የት አለ? እኛ አላየንም።

የኮልፌን ታሪክ የሚያውቅ ያስታውስ። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 እዚሁ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው 27 ዓመት ታሰሩ። የተባበሩት መንግስታት በታህሣሥ 2008 የእስረኞችን አያያዝ ደንብ አሻሽሎ ሲያጸድቅ በሳቸው ስም ሰየመው። በዚያ ደንብ ውስጥ የአእምሮ ህክምና ለሚያስፈልገው እስረኛ ከተፈታ በኋላም ህክምናው እንዲቀጥል፣ ማኅበራዊ ድጋፍም እንዲያገኝ እርምጃ መውሰድ ተገቢ እንደሆነ ተጽፏል። ባለሥልጣኖቻችን ማንዴላ የሠለጠኑበትን ሰፈር በኩራት ያስጎበኛሉ። በስማቸው የወጣውን ደንብም ያንብቡት!

ጓንታናሞን የከፈተችው አሜሪካ እንኳ በፈረንጆቹ 2008 «ሁለተኛ ዕድል» የተባለ አዋጅ አውጥታ፣ የአእምሮ ህመምና ሱስ ተደራርቦባቸው ከእስር የሚወጡ አዋቂዎችን ለሚደግፉ ፕሮግራሞች ከመንግስት ካዝና ድጎማ መድባለች። አሜሪካን ልናወድስ አይደለም። ነገሩ ከሰማይ የወረደ ተአምር ሳይሆን የበጀት መስመር መሆኑን ለማሳየት ነው።

እስከ ጥር 2011 ድረስ አንድ ሰበብ ነበር። አዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ የአገር ውስጥ ድርጅት በመብትና በፍትህ ሥራ ውስጥ እንዳይገባ ከልክሎ ስለነበር፣ በዚህ መስክ ሊሠራ ያሰበ ሁሉ እጁን ሰብስቦ ተቀመጠ። አሁን አዋጅ 1113/2011 ያንን አጥር አፍርሷል። ፈንድ የሚሰጡ ድርጅቶችም መምጣታቸው አይቀርም። ስለዚህ ከወዲሁ እንናገር፦ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ ወርክሾፕ፣ ውሎ አበል፣ በባነር ፊት ፎቶ፣ ከዚያ «ግንዛቤ ተፈጥሯል» የሚል ሪፖርት አንፈልግም። ግንዛቤ ለወንድማችን እንቅልፍ አይሰጠውም።

ገንዘቡ ምን ይግዛ ለሚለን መልሱ አጭር ነው። ህመምተኛው ሲፈታ የአንድ ወር መድኃኒትና የህክምና ማስረጃው አብሮት ይውጣ። ከእስር ቤት ሳይወጣ መታወቂያና የነፃ ህክምና ወረቀት ይዘጋጅለት፤ ምክንያቱም ሰው የሚወድቀው በነዚያ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። በየጤና ጣቢያው የአእምሮ ህክምና የሠለጠነ ነርስ ይኑር። ከ2005 እስከ 2008 የነበረው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ዋና ሐሳብ ህክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ነበር፤ ዘመኑ አለፈ፣ የኛ እናቶች ግን ዛሬም አማኑኤል ሆስፒታል በር ላይ ተሰልፈው ያነጋሉ። አማኑኤል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ የኖረ ነው፤ የሐኪሞቹን ድካም እናውቃለን፣ ወቀሳችን ወደነሱ አይደለም። ገፈርሳ ያለው ማገገሚያም ከደጃችን ብዙ አይርቅም፤ ተፈቺ ህመምተኞችን እንዲቀበል አልጋና ሠራተኛ ይጨመርለት። አንድን ሰው ለዓመታት ለማሰር ጠባቂ፣ መኪና፣ ዐቃቤ ህግና ዳኛ ሲመደብ በጀት አልጠፋም። በወር አንዴ ለምትወጋ መርፌ ሲሆን ጠፋ ማለት ቀልድ ነው።

ይህን የምንጠይቀው ለሙስሊም ታሳሪ ብቻ አይደለም፤ በፖለቲካ ለታሰረም ብቻ አይደለም። በስርቆት ታስሮ የወጣው የጎረቤታችን የክርስቲያን ልጅም ሲታመም እናቱ አንድ ናት፣ እንባዋም ያው ነው።

አሁን ወደራሳችን። በሱረቱ ዩሱፍ ውስጥ ከእስር የወጣው ሰው በእስር የቀረውን ዩሱፍን (ዐለይሂ ሰላም) ረሳ፤ እሳቸውም ተጨማሪ ዓመታት ቆዩ። እኛ ደግሞ በተቃራኒው፣ እስር ቤት ያለውን አስታውሰን ወደ ቤቱ የተመለሰውን ረሳን። አንዳንዱ «ጂን ነው» ብሎ ይገላገላል። ሩቅያ ሱና ነው፤ ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ታከሙ ብለው አዘዋል። ሩቅያ ያደረግክለትን ወንድም መድኃኒቱን አስጥለህ በሰንሰለት ማሰር ከየትኛው ኪታብ ተገኘ? ከእስር ቤት ካቴና ወጥቶ ጓዳ ውስጥ ሰንሰለት የጠበቀው ሰው ተፈታ ይባላል?

የቀደሙት እንዲህ አልነበሩም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሱልጣን ቀላዉን ካይሮ ላይ ያቆሙት ቢማሪስታን ለአእምሮ ህሙማን የተለየ ክፍል ነበረው፤ ወጪው በወቅፍ ይሸፈን ነበር። ታክሞ ለሚወጣም እስኪቋቋም ልብስና ገንዘብ ይሰጥ እንደነበር ይነገራል። ፈንድ ማለት ይኸው ነው፤ አባቶቻችን ወቅፍ አሉት።

በሱረቱ ተውባ ከተዘረዘሩት ስምንት የዘካ ባለመብቶች ድሃና ሚስኪን ቀዳሚዎቹ ናቸው፤ ታሞ ሥራ መሥራት ካልቻለ ተፈቺ በላይ ሚስኪን ማነው? ሚያዝያ 23/2011 በአዲስ መልክ የተዋቀረው መጅሊስ ዑለሞች በዚህ ላይ ግልጽ ፈትዋ ይስጡን። የየመስጂዱ ኮሚቴም ከዘንድሮው ዘካና ሰደቃ ለመድኃኒትና ለታክሲ የሚሆን ድርሻ ለይቶ ያስቀምጥ፤ ሒሳቡም በመስጂዱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ የመንግስትን ዕዳ አይሰርዝም። መንግስት እስኪከፍል ግን ወንድማችን ያለ መድኃኒት አይቆይም።

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። ከላይ የዘረዘርናቸውን ጥያቄዎች የያዘ ደብዳቤ ለማረሚያ ቤቶች ኮሚሽን፣ ለጤና ሚኒስቴርና ለክፍለ ከተማችን ለማስገባት ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ ከሶላት በኋላ በየመስጂዱ በር ፊርማ ይሰበሰባል። በቤታችሁ ታሞ የተፈታ ካለ ለኢማሙ ብቻ በግል ንገሩ፤ ስም በማይክ አይጠራም። ወንዶች ሲያመነቱ ቀድመው የሚመጡት እናቶችና እህቶች ስለሚሆኑ በሴቶች በር በኩልም ወረቀት ይቀመጣል።

ያ ወንድማችን አሁንም ውዱእ ቦታው አጠገብ ይቆማል። በቀደም ጫማውን ይዤለት ሄጄ አውፍ እንዲለኝ ጠየቅኩት። አልመለሰልኝም፤ ግን ጫማውን ተቀበለኝ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ